ከአሜሪካ የተላከልኝ የጥልፍ ማሽን ነጠላውን ሸበሸበብኝ፤ ከየት ልጀምር?

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልብስ ስፌት 6 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዩኒፎርም፣ ቀሚስ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ። ጥልፍ ሲሆን ግን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ነበር የማሠራው። ባለፈው ወር እህቴ ከአሜሪካ ትንሽ የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን ላከችልኝ፤ ጨርቁ የሚወጠርበት ፍሬም 10 በ10 ሳንቲሜትር ነው። ውስጡ ያለውን አበባ አቡጀዲ ላይ ስሞክር ቆንጆ ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ የእናቴ ነጠላ ጠርዝ ላይ መስቀል ልጥለፍ ብል ጨርቁ ወደ መሃል ተሰብስቦ ተሸበሸበ፤ ከስሩ ደግሞ ክሩ ተጠላልፎ እንደ ብይ ተድቦለቦለ። በመቀስ ስፈታው ነጠላው ተቀደደ። እናቴ እስካሁን አላወቀችም።

ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ ሁለት ሰዎች ቀሚስ አዘውኛል። ማሽኑ ነው ችግሩ? ትልቅ ልግዛ? ዲዛይንስ ከየት ነው የሚገኘው?

ክር በክር፦
እህቴ፣ ምንም እንዳትገዢ። ስታብላይዘር አድርገሻል?

የታቦር ልጅ፦
አዎ፣ ለፍሪጅ የገዛሁት አለኝ። ከኋላው 110 የሚል ሶኬት ስላለው እሱ ላይ ነው የምሰካው።

ክር በክር፦
😂 የመብራቱን አይደለም ያልኩሽ! በጥልፍ ስታብላይዘር የሚባለው ከጨርቁ ስር የሚደረግ ወረቀት መሰል ነገር ነው። መርፌው አንድ ቦታ ላይ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲወጋ ጨርቁን ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። አቡጀዲ ድርና ማጉ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ያለሱም ትንሽ ይችላል፤ ነጠላ ግን ሳስቶ የተሸመነ ስለሆነ ክሩ ሲጎትተው አብሮ ይሄዳል።

የአዳማው ሰፊ፦
የመብራቱን ነገር በሳቅ አትለፉት። እኔ አዳማ ነኝ፤ ከአሜሪካ የመጣች ማሽን ነበረችኝ። ከጀርባዋ 120 ቮልት ይላል። እኔ በሌለሁበት የወንድሜ ልጅ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካት። ጭሷ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። አሁኑኑ ሄደሽ የማሽንሽን ጀርባ አንብቢ፤ 100-240 ካለ ግድግዳው ላይ ብትሰኪውም ችግር የለውም፤ 120 ብቻ ካለ ግን የማሽኑ ገመድ መሰኪያ ላይ በቀይ ፕላስተር «220 ክልክል ነው» ብለሽ ለጥፊ። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ ገመዱን ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ ቆልፊበት።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ ፍሬሙን እንዳታወጪ። ስንተኛው ስፌት ላይ እንደደረሰች ከማሽኗ ስክሪን እያየሽ መጻፍ ልመጂ፤ መብራት ሲመጣ ከዚያ ጥቂት ስፌት ወደኋላ መልሰሽ ታስጀምሪያታለሽ። ፍሬሙ አንዴ ከወጣ ግን ቦታውን በትክክል መልሶ ማግኘት መከራ ነው።

እትዬ መርፌ፦
ልጄ፣ እኔ ጥልፍ የጀመርኩት በእግር ማሽን፣ ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥሬ በእጄ እያዞርኩ ነው። ኮምፒውተሩ በኋላ ነው የመጣው፤ ጨርቅ ግን ያው ጨርቅ ነው።

በመጀመሪያ ሸማውን እጠቢው። ጥጥ በውኃ ይሰበሰባል፤ የፖሊስተር ክር አይሰበሰብም። ሳታጥቢ ከጠለፍሽ ዛሬ ያማረው ነገር ደንበኛሽ ስታጥበው ይሸበሸባል። ከዚያ አድርቀሽ ተኩሺው።

ስትወጥሪም ጠንቀቅ በይ። ብዙ ጀማሪ ፍሬሙን ካጠበቀ በኋላ ጨርቁን በአራቱም በኩል ይጎትተዋል። ጨርቁ ተለጥጦ ይጠለፍና ከፍሬሙ ሲወጣ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ነው ጥልፉ ዙሪያ የሚሸበሸበው። ለነጠላ እኔ የማደርገው ሌላ ነው፤ ፍሬሙ ውስጥ ስታብላይዘሩን ብቻ እወጥርና ነጠላውን ከላይ አስተኝቼ በላላ ስፌት ዙሪያውን እይዘዋለሁ። ነጠላ በሁለቱም በኩል ስለሚታይ በውኃ የሚሟሟውን የስታብላይዘር ዓይነት በድርብ ተጠቀሚ። ለቀሚስ ግን ተቆርጦ ውስጥ የሚቀረው ይሻላል።

ከስር የተድቦለቦለው ክር ደግሞ የቦቢኑ (የስረኛው ክር ማጠንጠኛ) ጥፋት አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የላይኛው ክር በትክክል ሳይገባ ሲቀር ነው። ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር አንሺና ክሩን እንደ አዲስ አስገቢ፤ እግሩ ወርዶ እያለ ካስገባሽው ክሩ ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽን መሃል አይገባም።

የታቦር ልጅ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እግሩን አውርጄ ነበር የማስገባው፤ በልብስ ስፌቱ ማሽን ለምዶብኝ። ቴንሽኑ ልክ መሆኑን በምን ነው የሚያውቁት?

እትዬ መርፌ፦
ጥልፉን ገልብጪና ወፍራሙን መስመር እዪ። የቦቢኑ ነጭ ክር መሃል ላይ ሲሶውን ያህል ከታየሽ ደህና ነው። ነጩ በፊት ለፊት ብቅ ካለ የላይኛው ጠብቋል። በስተጀርባ ነጩ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ የላይኛው ላልቷል።

ፒክስል፦
ዲዛይን በነጻ መሥራት ትችያለሽ፤ ኢንክስኬፕ በሚባለው ፕሮግራም ላይ የሚጫን ኢንክስቲች የሚባል አለ። ገና ጀማሪ ሆነሽ ውድ ፕሮግራም መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ማሽንሽ የሚያነበውን የፋይል ዓይነት ከመመሪያው እዪ፤ ብራዘር ፒኢኤስ፣ ጃኖሚ ጄኢኤፍ ነው የሚያነቡት። ዲኤስቲ የሚባለው በብዙ ማሽን ይሠራል፣ ግን የክሩን ቀለም አይዝም፤ ቀለም ተዘበራርቆ ብታዪው አትደንግጪ።

ለሳሳ ጨርቅ ዲዛይኑን አታወፍሪው። በክርና ክር መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ አንቺ ወደ 0.5 አድርሺው። መርፌ 75/11፣ የላይ ክር ቁጥር 40፣ የቦቢን ክር ቁጥር 60። ማሽኑንም አታሩጪው።

ክር በክር፦
ስለ ትዕዛዙ እኔ ልናገር። በ10 በ10 ፍሬም ከአንገት እስከ ጫፍ የሚወርድ ጥልፍ ልሥራ ካልሽ እየቆራረጥሽ መግጠም አለብሽ፤ ለጀማሪ ያንን አልመክርም። አንገትና እጅጌ ላይ ትንንሽ ጥልፍ ለመሥራት ከደንበኞችሽ ጋር ተስማሚ። የበዓሉን ቀን አያንቱዎች (ከዋክብት አይተው ቀኑን የሚቆጥሩት የሲዳማ አዋቂዎች) እስኪያስታውቁ ጊዜ አለኝ ብለሽም አትዘናጊ፤ ከሸማው ቁራጭ ወስደሽ ዛሬውኑ ሞክሪ።

የታቦር ልጅ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
የማሽኑ ጀርባ 120 ብቻ ነው የሚለው፤ ቀዩ ፕላስተር ተለጥፏል። ሸማውን አጥቤ በአምስት ቁራጭ ሞከርኩ፤ ሦስቱ ተበላሹ፣ አራተኛው ትንሽ ተጨማደደ፣ አምስተኛው ልክ ገባ። ለደንበኞቼም አንገትና እጅጌ ብቻ እንደምሠራ ነግሬያቸው ተስማምተዋል።

የእናቴን ነጠላ ደግሞ ከቀዳዳው ስር የሸማ ቁራጭ አድርጌ መስቀሉን እላዩ ላይ ጠለፍኩበት። ትናንት ለቤተ ክርስቲያን ለብሳው ስትወጣ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ምነው በአንድ በኩል ብቻ?» አለችኝ። ሌላኛውን ጫፍ ዛሬ ማታ ልጠልፈው ነው፤ መብራት ካልሄደ።