«ራሱን የቻለ ይምጣ» ያሉትን ሰው ሰማችኋቸው?

የላምበረት ተሳፋሪ፦
ትናንት ጠዋት በሬዲዮ ስለ ከተማ ኑሮና ስለ ጭንቀት እንዲያወሩ የተጋበዙ አንድ ሰው የተናገሩትን የሰማ አለ? «ከክፍለ ሀገር የመጣው ወጣት ሁሉ አዲስ አበባ እንቅልፍ ነሳችኝ ይላል። ከተማ ሰው አያስጨንቅም። ራሱን የቻለ ይምጣ፣ ያልቻለ ባለበት ይቆይ» ብለው እርፍ። ጋዜጠኛውም አመስግኖ ወደ ማስታወቂያው ገባ። እኔ ከወልድያ ተነሥቼ ላምበረት መናኸሪያ የወረድኩት ራሴን ልቻል ብዬ ነው። ከቻልኩማ በኋላ ምን አስመጣኝ? እዚያው ቤቴን ሠርቼ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቅሁ አልኖርም ነበር?

ደረቅ እውነት፦
ሰውየው ምን አጠፉ? እውነቱን ስለተናገሩ ነው የከፋህ። ሥራ ሳይዝ፣ ማደሪያ ሳያገኝ፣ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ ይመጣና ብዙም ሳይቆይ «ከተማው ሰው አይወድም» እያለ ያለቅሳል። አዲስ አበባ በ1999 ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ ዛሬ ስንት እንደ ደረሰች የታክሲው ሰልፍ ይነግርሃል። ማንም ጠርቶ አላመጣህም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ ደረቅ እውነት፣ ቆጠራውን ከጠቀስከው አይቀር ሙሉውን ጥቀሰው። በዚያው ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ የሚጠጋው ሌላ ቦታ ተወልዶ የመጣ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ፍል ውሃው አጠገብ ቤት ሲያሠሩ «ራሱን የቻለ ይምጣ» የሚል ዐዋጅ አልተነገረም። ቤተ መንግሥቱ ራሱ ግብር የሚያበላው ከየአገሩ በመጣ እህልና ሰንጋ ነበር። በሰውየው መስፈርት ቢሄድ ከእንጦጦ የሚወርድ አይገኝም ነበር።

ተወልጄ ያደግሁባት፦
ይህቺ «ሁላችሁም መጤ ናችሁ» የምትባል ነገር ሰለቸችን። እኔ ጉለሌ ተወልጄ፣ አባቴም ጉለሌ ተወልዶ አሁንም መጤ ነኝ? ለእኛስ ማን አዘነልን? ኪራዩ የናረው በእኛም ላይ ነው። ሰልፉ ላይ የምንቆመው እኛም ነን።

አምስተኛ ፎቅ፦
ጋሼ፣ ከጣይቱ በፊትስ ፊንፊኔ ላይ ሰው አልነበረም ወይ? ታሪክ ሲነሣ ሁልጊዜ ከዚያ ነው የሚጀመረው።

ጡረተኛው መምህር፦
ነበረ እንጂ። አልነበረም አላልኩም። ግን ይህን በር ከከፈትነው እስከ ነገ አንዘጋውም፤ ወደ ሬዲዮው እንመለስ።

የማታ ተረኛ፦
እኔ ነርስ ነኝ፤ ከደብረ ታቦር ስመጣ የቅጥር ደብዳቤዬን ይዤ ነው የመጣሁት። በሰውየው አነጋገር ራሴን ችያለሁ ማለት ነው። እስቲ የቻለ ሰው እንዴት እንደሚኖር ልንገራችሁ።

የተከራየሁት በአንድ ግቢ ከተደረደሩት ክፍሎች አንዱን ነው። የውጭው በር ከማታ ሦስት ሰዓት በኋላ አይከፈትም። የማታ ተራ ሲደርሰኝ አድሬ ስለምመጣ ግድ የለኝም፤ በቀን ተራ ታክሲ ያጣሁ ዕለት ግን በሩ ላይ ቆሜ ለአከራዬ ልጅ እየደወልኩ እለምናለሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣው ደግሞ ሌሊት ነው። ቧንቧው ማጉረምረም ሲጀምር የግቢው ሴቶች ሁላችንም ጄሪካናችንን ይዘን እንወጣለን። ሲሞላ አሥር ሰዓት ይሆናል፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ለሥራ እነሣለሁ።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው የእሑዱ ስልክ ነው። እናቴ «ተመቸሽ ልጄ?» ትለኛለች። «በጣም ተመችቶኛል እማዬ» እላታለሁ። ስልኩን ስዘጋ ነው ደረቴን የሚጨንቀኝ። ምክንያቱም የተመቸው ሰው ብር ይልካል። ለፋሲካ በግ መግዣ፣ ለወንድሜ ደብተርና ጫማ፣ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ። የጎረቤት ልጅ ደግሞ «አዲስ አበባ ተመችቷት የለ» ተብሎ ሥራ እስኪያገኝ እኔ ዘንድ ይላካል፤ በዚያች ክፍል። ችያለሁ እያልኩ ስኖር ነው ያለቅሁት።

ደረቅ እውነት፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ፤ ግን ማን ዋሺ አለሽ? እውነቱን ብትነግሪያት እናትሽ ብር አትጠይቅሽም። ይህም የራስን ድንበር አለማወቅ ነው። ሰውየው ያሉት ይህንኑ ነው።

የሸማኔው ልጅ፦
ለእናትህ «በቀን የምተኛው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው» ብለህ ታውቃለህ? እስቲ ሞክረውና ንገረን። በማግስቱ ያላትን ሸጣ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች።

ሩጫ ወዳድ፦
ወገኖቼ፣ ነገሩን አታክብዱት። ጠዋት በማለዳ እንጦጦ ወጥቶ መሮጥ፣ ቅዳሜና እሑድ መናፈሻ ውስጥ መንሸራሸር፣ ስልክን ማታ ማጥፋት። እኔ ከሐዋሳ ስመጣ ሚዛኔን የጠበቅሁት በዚህ ነው። ሩጫ አእምሮን ያድሳል።

የማታ ተረኛ፦
ወንድሜ፣ ከኮዬ ፈጬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አውቶቡስ ሰልፍ ላይ የሚቆመው ሰው እንጦጦ የሚሮጠው መቼ ነው? እኔ እንጦጦ የማውቀው ኪዳነ ምሕረት ጠበል ስወጣ ነው። እዚያም ሰልፍ አለ።

ሩጫ ወዳድ፦
አሉታዊ አስተሳሰብ ራሱ ጭንቀት ያመጣል።

አምስተኛ ፎቅ፦
ይኸው ሁለተኛው የሬዲዮ እንግዳ መጣልን።

የላምበረት ተሳፋሪ፦
እኔ ግን ከዚያች ንግግር አልወጣሁም። «ራሱን የቻለ።» ስሙኝማ። ለመጋዘን ሠራተኝነት ተወዳድሬ ጽሑፉንም ቃለ መጠይቁንም አለፍኩ። ከዚያ «ተያዥ አምጣ» ተባልኩ። ተያዡ ቋሚ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ደመወዙ ከእኔ የማያንስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ከየት አባቴ ላምጣ? የማውቀው አከራዬንና ባለ ሱቁን ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ልጠይቅ ወረዳ ስሄድ ደግሞ ከወልድያ መሸኛ አምጣ። እንግዲህ ፍረዱ፤ በሬዲዮ «ራስህን ችለህ ና» የምትል ከተማ ችለህ ስትመጣ «የሚያውቅህ ሰው የት አለ?» ትልሃለች። የትኛውን እንመን?

ጡረተኛው መምህር፦
እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። የድሮው መጤ ይህን ስለሚያውቅ ብቻውን አይመጣም ነበር። ጉራጌው መርካቶ ሲገባ የአገሩ ልጅ ሱቅ ውስጥ ያድራል፣ እየተላላከ ንግዱን ይማራል፣ ዕቁብ ይገባል፣ ቆይቶ የራሱን ይከፍታል። ሲጠናከሩ ደግሞ ማኅበር አቋቁመው ወደ አገራቸው መንገድ አስጠረጉ። ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነው «ራሱን የቻለ»? ተቻችለው ነው የቻሉት።

የሸማኔው ልጅ፦
አባቴ ከዶርዜ ሲመጡ ሽሮ ሜዳ የተቀበሏቸው የአጎታቸው ልጅ ናቸው። ቀን እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው ሲሸምኑ ይውላሉ፣ ማታ እዚያው ከጉድጓዱ አጠገብ ሰሌን አንጥፈው ይተኛሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው። ያመመውን ያስታምሙታል፣ የሞተውን አገሩ ይወስዱታል። አባቴ «ጭንቀት» ሲባል ሰምተው አያውቁም ብዬ አልዋሽም፤ ይጨነቁ ነበር፤ ግን ሌሊት ሲባንኑ ከጎናቸው «ምን ሆንክ?» የሚል ነበር።

ተወልጄ ያደግሁባት፦
በአንድ ክፍል ስድስት ሰው መኖሩን እንደ ገነት አታድርገው። ሳንባ ነቀርሳውንስ ለምን አትነግረንም?

የሸማኔው ልጅ፦
ገነት ነው ያለ ማን አለ? ዛሬ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ የሚሠሩት ልጆችም አንድ ክፍል ለአራትና ለአምስት ነው የሚከራዩት። ልዩነቱ ፈረቃቸው ስለሚለያይ አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች፤ አብረው እየኖሩ አይተያዩም። እኔ የምለው ይህንን ነው።

ደረቅ እውነት፦
እኔም ክፍለ ሀገር ነው የተወለድኩት፤ ለመረጃ ያህል። ከፍኖተ ሰላም ነው የመጣሁት። አልተጨነቅሁም፣ አላለቀስኩም፣ ማንንም አላስቸገርኩም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ መጣሁ፣ ሥራ ፈለግሁ፣ አገኘሁ። ስለዚህ ይቻላል።

አምስተኛ ፎቅ፦
ሥራ እስክታገኝ የት ነበርክ?

ደረቅ እውነት፦
አክስቴ ቤት። ኮተቤ።

የማታ ተረኛ፦
አክስቴ ቤት!

የላምበረት ተሳፋሪ፦
ኪራይ ስንት ትከፍላቸው ነበር?

ደረቅ እውነት፦
አክስት ኪራይ ታስከፍላለች እንዴ? ግን በነጻ አልተቀመጥኩም። ልጆቿን አስጠናለሁ፣ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ። ላቤን ነው የበላሁት።

አምስተኛ ፎቅ፦
ተያዥህስ ማን ነበር?

ደረቅ እውነት፦
የአክስቴ ባል። ታዲያ ምን ይሁን? ዘመድ ያለው ሰው ዘመዱን መጠየቁ ወንጀል ሆነ?

የማታ ተረኛ፦
ወንጀል አይደለም፤ አክስትህ እንኳን ኖሩልህ። ግን በሰውየው ሬዲዮ ላይ «ራሱን የቻለ» ተብለህ የምትቆጠረው አንተ ነህ፣ «ያልቻለች» እኔ ነኝ። እኔ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ኪራይ ከፍያለሁ።

ደረቅ እውነት፦
የኪራይ ነገር ከተነሣ ሕግ አለላችሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። መብታችሁን አታውቁም፣ ከዚያ ከተማ ትሰድባላችሁ።

የማታ ተረኛ፦
ዐዋጁን አውቀዋለሁ። ስልኬ ላይ አውጥቼ ለአከራዬ አንብቤላቸዋለሁ። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲህ ዐዋጁ ያከራይሽ» አሉኝ። ወረዳ ሄጄ ብከሳቸው የት ላድር ነው? ክፍሉን ያገኘሁበትን የደላላ ብር እንደገና ማን ይከፍላል?

ተወልጄ ያደግሁባት፦
አከራዮችን ሁሉ ጨካኝ አታድርጉ። እናቴ ሁለት ክፍል ታከራያለች፤ ከባሏ ጡረታ ሌላ ያላት ገቢ እርሱ ነው። ተከራይ ሲታመም አጥሚት ሠርታ የምትወስድለት እርሷ ናት። በዓል ሲሆን ከእኛ ጋር ነው የሚበላው። ግን ሰላም የማይል፣ ስሙን የማይናገር፣ ገብቶ ቆልፎ የሚቀመጥ ተከራይም አይተናል። ሰው እንዲቀርበው የሚፈልግ ሰው እርሱም ይቅረብ።

የላምበረት ተሳፋሪ፦
እናትህን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሰፈራችሁ ያለው ዕድር ተከራይ ይቀበላል?

ተወልጄ ያደግሁባት፦
ይቀበላል… መመዝገቢያውን ከከፈለ። እና ቢያንስ የተወሰነ ጊዜ ከኖረ። እና የሚያውቀው አባል ካለ።

አምስተኛ ፎቅ፦
ተያዥ በለው በአጭሩ!

ተወልጄ ያደግሁባት፦
ዕድር እኮ ገንዘብ ነው፤ ድንኳን ነው፤ ወንበርና ድስት ነው። ዛሬ ተመዝግቦ ነገ የሚሄድ ሰውማ እንዴት ይገባል?

አምስተኛ ፎቅ፦
የሚሄደው ወዶ ነው? ኪራይ ሲጨመርበት ነው የሚሄደው። የእኛን ደግሞ ልንገርህ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከየሰፈሩ የተውጣጣን ነበርን፤ ማንም ማንንም አያውቅም። ዕድር ለማቋቋም የተስማማነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰው ሞቶ ሬሳ ማውጣት ሲያቅተን ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ቃሬዛውን ይዘው በየማዞሪያው ይጯጯሁ ነበር። በማግስቱ ተሰበሰብን። አከራይ ተከራይ ሳንል ነው የመዘገብነው፤ ምክንያቱም ቃሬዛውን ከያዙት አብዛኞቹ ተከራዮች ነበሩ።

ጡረተኛው መምህር፦
ይህን ያሉት ትልቅ ነገር ነው። አሁን ደግሞ ከፒያሳና ከካሳንቺስ የተነሡት ሰዎች፣ የአዲስ አበባ ተወላጆቹ ራሳቸው፣ አዲስ ሰፈር ሄደው እንደ መጤ ሀ ብለው እየጀመሩ ነው። ዕድራቸው ተበትኗል። ተወልጄ ያደግሁባት፣ እስቲ ለእነርሱም «እናንተም ቅረቡ» በላቸው።

ተወልጄ ያደግሁባት፦
ጋሼ፣ እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው። መፍረስና መምጣት አንድ አይደለም። አታደባልቁብኝ።

ከሪያድ፦
እኔ ሰው ቤት የምሠራ ነኝ፤ ጽሑፋችሁን እያነበብኩ ሳቄ መጣ። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ። እናንተ አገራችሁ ውስጥ ሆናችሁ እንዲህ ትባላላችሁ? እኔም ለእናቴ «ተመችቶኛል» ነው የምላት። ነርሷ እህቴ፣ ስልክሽን ከእሑድ ወደ ቅዳሜ አታዙሪው፤ ሞክሬዋለሁ፣ ያው ነው።

ሩጫ ወዳድ፦
ታዲያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር አለ። ለምን አትሄዱም?

የማታ ተረኛ፦
የጤና ሠራተኛዋ እኮ እኔ ነኝ። እንቅልፍ አጣሁ ብሎ የመጣን ሰው «አማኑኤል ልጻፍልህ?» ስትለው ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ብታይ! አማኑኤል ሄደ ከተባለ ግቢው በሙሉ ስም ያወጣለታል፣ ክፍሉንም ይለቃል። ስለዚህ «ራስ ምታት ነው» ብሎ መድኃኒት ተቀብሎ ይሄዳል።

ደረቅ እውነት፦
ሁላችሁም ታወራላችሁ። ልጁ የቸገረው ተያዥ ነው። እስቲ ከመካከላችሁ የሚሆንለት እጁን ያውጣ።

የሸማኔው ልጅ፦
እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም፤ የሸማ ሱቅ ነው ያለኝ። የንግድ ፈቃድ ይይዛሉ?

የላምበረት ተሳፋሪ፦
ጠይቄአለሁ፤ አይዙም። ደረቅ እውነት፣ አንተ ግን ሥራ አገኘሁ ብለህ አልነበር? ደመወዝተኛ አይደለህም?

ደረቅ እውነት፦
የማላውቀውን ሰው? መጋዘን ላይ? ዕቃ ቢጠፋ ከእኔ ደመወዝ እየተቆረጠ ሊከፈል?

አምስተኛ ፎቅ፦
አክስትህን ጠይቅለት።

ደረቅ እውነት፦
አክስቴን ተዋት ብያለሁ።

ተወልጄ ያደግሁባት፦
ወደ ዕድሩ ልመለስና፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ተከራይ ሲለቅ የከፈለውን መመዝገቢያ ትመልሱለታላችሁ?

አምስተኛ ፎቅ፦
አንመልስም። እናንተ ትመልሳላችሁ?

ተወልጄ ያደግሁባት፦
አየህ! ታዲያ ከእኛ በምን ተሻላችሁ?