ከዋና ስወጣ ዓይኔ ይቀላል፣ ምን ይሻለኛል?

ማራኪ፦ ሰላም ጎንደሮች። ሆቴል ገንዳ ዋኝቼ ስወጣ ዓይኔ በርበሬ የገባበት ይመስላል። ኮንታክት ሌንስም አደርጋለሁ። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ የሚዘሉት ልጆች መች መነጽር አላቸው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ።

የአዘዞው፦ ክሎሪኑ ብቻውን አይደለም እኮ። ከላብና ከሽንት ጋር ሲቀላቀል ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል፣ ዓይን የሚያቃጥለው በዋናነት እሱ ነው። ገንዳው በኃይል ሲሸት ንጹሕ ነው የሚሉ አሉ፣ ኧረ ተዉ! ሳይታጠቡ ዘው የሚሉትን ነው መቆጣት።

ሰብለ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሌንሱን አውልቂው! ውኃ ውስጥ አካንታሜባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ፣ ክሎሪንም ሁልጊዜ አይገድለውም፣ ሌንሱ ሥር ከገባ የዓይንን የፊተኛ ሽፋን ያቆስልና እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል። በዓይንሽ ቁጥር የሚሠራ የዋና መነጽር አለ።

የአዘዞው፦ ስትገዢ ማሰሪያውን ሳታጠልቂ ዓይንሽ ላይ ጫን አድርጊው። ትንሽ ተጣብቆ ከቆየ ልክሽ ነው።

ማራኪ፦ እሺ፣ ሌንሱ ቀረ። ጎርጎራ ሄጄ ጣና ብዋኝስ?

ሰብለ፦ እዚያ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ፣ በቆዳ ነው የሚገባው፣ መነጽር አያድንሽም። ገንዳሽ ይሻልሻል። ፎጣሽን ግን ለማንም አታውሺ። ዓይንሽ ካመመሽ ወይም ብርሃን ማየት ካቃተሽ ዛሬ ነገ ሳትይ ዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ።