ክርክር፦ ስፖርት መኪና ላይ የናፍጣ ሞተር መጫን ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

አስተባባሪ
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ሳምንት አንድ አባላችን የቶዮታ ሴሊካውን ፎቶ ለጥፎ ነበር። በፈረንጆቹ 1983 የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ በኋላ እግሯ የምትገፋ። ኮፈኑ ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው የፋብሪካው የቤንዚን ሞተር አይደለም። 2ኤል-ቲ ናት። 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ከነቱርቦዋ። ልጁ በየቀኑ ሥራ የሚመላለሰው በእሷ ነው። ከፎቶው ሥር ግማሹ "አቦ ይመችህ" አለ፤ ግማሹ "ወንጀል ነው" አለ። እስቲ በሥርዓት እንከራከርበት።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ቤንዚን ሆና የተሠራች ስፖርት መኪና ላይ የናፍጣ ሞተር ጭኖ ከተማ ውስጥ በየቀኑ መንዳት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ ታግዷል። የኤሌክትሪኩ ዋጋ ለብዙዎቻችን አይቀመስም። ያለችንን አሮጌ መኪና እያገላበጥን መንዳታችን አይቀርም። ስድብ የለም፤ ምክንያት ብቻ።

ባለ ሴሊካው
ወንጀለኛው እኔ ነኝ። የድሮው ሞተር 22አር ይባላል። ዘይት መጠጣት ጀምሮ ነበር። ለኦቨርሆል የተጠየቅኩት ብር ሌላ ሞተር ይገዛል። 2ኤል ደግሞ የዶልፊንና የሃይሉክስ ዘመድ ናት። ሶማሌ ተራ ዓይንህን ጨፍነህ ብትገባ ዕቃዋን ታገኛለህ። ቶዮታ ራሱ ይህን የሞተር ቤተሰብ ክራውንና ማርክ 2 ላይ ይጭነው ነበር፤ እኔ ተአምር አልሠራሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር መጽሐፉ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት እዚህ አያገኝም፤ ሩብ ያህሉን አየሩ ይበላበታል። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር እየጨመቀ ስለሚያስገባ ብዙውን ይመልሰዋል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሦስተኛ ማርሽ ሳትንገዳገድ ትወጣለች። ድሮ ሁለተኛ እያስገባሁ ነበር የማስጮሃት።

ቤንዚን በደሜ
ይቅርታ ወንድሜ፣ ይህ ሴሊካ የለበሰ ዶልፊን ነው። 2ኤል-ቲ እኮ ጉልበቷ 90 ፈረስ አካባቢ ነው። በደቂቃ 4500 ዙር ሳትደርስ ትንፋሿ ያልቃል። ስፖርት መኪና የሚነዳው ዙሩ ሲወጣ ለሚሰማው ነገር ነው። ኢኮኖሚ የፈለገ ቪትዝ ይግዛ። አርባ ዓመት የቆየች መኪና ስትገኝ እንደነበረች ትጠበቃለች እንጂ አትታረድም።

ሰርክዩት
ናፍጣና ስፖርት አይገናኙም የምትሉ ታሪክ እዩ። በፈረንጆቹ 1998 የጀርመኑን የኑርበርግሪንግ የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈችው ቢኤምደብሊው 320ዲ ናት። ዲ ማለት ናፍጣ ነው። በ2006 ደግሞ ኦዲ አር10 የፈረንሳዩን የ24 ሰዓት ውድድር፣ ሌማንን፣ አሸነፈች፤ በናፍጣ የመጀመሪያዋ ናት። በ2009 ፔዦ ደገመው። ያኔ ማንም "ድምፁ የታክሲ ነው" አላለም። እንዲያውም በጣም ዝም ያሉ ናቸው ተብሎ ነበር የሚታሙት።

ቤንዚን በደሜ
እነዚያ ከመጀመሪያው ለናፍጣ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ሻንሲው፣ ካምቢዮው፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ ተለክቶለት። እዚህ የምናወራው ስለ ብየዳ ነው።

ጋሽ ቶርኖ
ልጆች፣ በጉልበቱ ብቻ ተያያዛችሁ። ሞተር ማስገባት ቀላሉ ሥራ ነው። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ፍሬኑን ልንገራችሁ። የቤንዚን መኪና የፍሬን ሰርቮ፣ ፔዳሉን የሚያቀልልህ ማለት ነው፣ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ቫኩም ነው። የናፍጣ ሞተር ግን አየር ማስገቢያው ክፍት ስለሆነ ያ ቫኩም የለውም። ቶዮታ ለዚህ መላ አበጀ፤ ዲናሞው ጀርባ ላይ ትንሽ የቫኩም ፓምፕ ሰካ። ከሞተሩ ዘይት በቀጭን ቱቦ ይደርሳታል። እንግዲህ አንድ ቀን ዲናሞው ይቃጠላል እንበል። ሰውዬው ሄዶ የቤንዚን መኪና ዲናሞ በርካሽ ገዝቶ ያስራል። ባትሪው ይሞላል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሁሉ ሰላም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲረግጥ ነው ፔዳሉ ድንጋይ የሚሆንበት። ይህን የሚያውቅ ስንቱ ነው? ቦሎ ሲታደስ ኮፈን ከፍቶ የዲናሞውን ጀርባ የሚያይ አለ?

ዙር ቆጣሪውም አለ። የቤንዚኑ ከካንዴላው ብልጭታ ነበር የሚቆጥረው። ናፍጣ ብልጭታ ስለሌለው መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ከዲናሞው ሌላ ሽቦ ይሳብለታል። ብዙዎቹ ይህን ትተው በጆሮ ይነዳሉ። ታንከሩ ታጥቦ፣ ናፍጣ ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ፖምፓ የሚተርፈው የሚመለስበት ቱቦ ተስተካክሎ፣ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይገባለታል። በጄሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ውስጥ ያለውን ውሃ እኔ ነኝ የማውቀው። ፖምፓ ገድሎ ሲመጣ ነው የማገኘው።

ይቺ 2ኤል-ቲ ደግሞ የታወቀ አመል አላት። ሙቀት አትችልም፤ ቴስታታዋ፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይሰነጠቃል። ሴሊካ አፍንጫዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለትልቅ ራዲያተር ቦታ አይተርፍም። ከተማ ውስጥ አይታወቅም። አባይ በረሃ ወርደህ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሽቅብ ስትጀምር ግን ዓይንህ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ።

ይፈቀድ ነው የምለው። ግን ሞተሩን ያስገባው ጋራዥ በወረቀት ይፈርምበት።

ባለ ሴሊካው
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእኔ ዲናሞ የራሷ የ2ኤል ነው፤ ፓምፑ አለ። ራዲያተሩን በሁለት ረድፍ አሠርቼዋለሁ። ዙር ቆጣሪው ግን እርስዎ እንዳሉት ተኝቷል።

እግረኛ
ስለ መርፌና ስለ ዲናሞ ስታወሩ እኛን ረሳችሁን። ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሳት በእግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፈረንጆቹ 2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ትምባሆና አስቤስቶስ ያሉበት ምድብ ነው። የቤንዚን ጭስም ጤና ነው አላልኩም። ግን ጥቀርሻው አይወዳደርም፣ በተለይ በአሮጌ ሞተር። እህል የሚጭን መኪና ይሁን፣ ሌላ ምርጫ የለውም እንበል። ለአንድ ሰው ደስታ ሲባል ግን የልጄ ሳንባ ምን አደረገ? ይከልከል።

ባለ ሴሊካው
እህቴ፣ የእኔ አታጨስም።

እግረኛ
ሁሉም የእኔ አታጨስም ነው የሚለው። ታዲያ ያ ሁሉ ጭስ ከየት መጣ?

ጋሽ ቶርኖ
እውነቷን ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ለሚገባው አየር ናፍጣው በዝቷል ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ቴስታታውን አስፈትሽ። ለባሕር ዳርቻ አየር የተስተካከለ ፖምፓ እዚህ ሲመጣ ናፍጣው ይበዛል፤ መቀነስ አለበት። ጋራዤ የሚመጣው ወጣት ግን የሚለኝ ተቃራኒውን ነው። "ጋሼ፣ ፖምፓዋን ትንሽ ክፈትልኝ።" ጉልበት ይመስለዋል። የሚወጣው ጥቀርሻ ነው።

ፍራንክፈርት
እዚህ ጀርመን አይከለክሉህም፤ ያደክሙሃል። ሞተር ከቀየርክ መኪናዋን ይዘህ ቱፍ የሚባለው የመኪና መርማሪ ድርጅት ዘንድ ትቀርባለህ። ጭሱ፣ ድምፁ፣ ፍሬኑ ይታያል። ካለፈ መኪናዋ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ሳይጻፍ ከነዳህ የመንገድ ፈቃዷ ይወድቃል፤ ኢንሹራንሱም አብሮ ጣጣ ያመጣል።

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ የፎልክስቫገንን የናፍጣ ሞተር፣ 1.9 ቲዲአይ፣ የሚጭኑ አሉ። አሪፍ ይመስላል። ግን ባለ 1.6 ሊትሯ ማዝዳ የዲፍረንሻል ጥምርታዋ 4.3 ነው። በአምስተኛ ማርሽ 130 ስትነዳ ሞተሩ ከ4000 ዙር በላይ ይሆናል። ለቤንዚኑ ሽርሽር ነው፤ ቲዲአዩ ግን እዚያ ሲደርስ ጉልበቱን ጨርሷል። ስለዚህ ዲፍረንሻሉንም ትቀይራለህ። አንዱን ስትነካ ሌላው ይከተላል።

ግብሩስ? ለአሮጌ መኪና፣ የአውሮፓ የጭስ ደረጃዋ ዩሮ 3 ወይም 4 ከሆነ፣ በየ100 ሲሲው ቤንዚን በዓመት 6.75 ዩሮ ነው፤ ናፍጣ 15.44 ዩሮ። ከዚያ የጭስ ደረጃ የሚያሳየው አረንጓዴው ስቲከር አለ። እሱ ከሌለህ ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ መግባት አትችልም። ጭስ የሚያጣራ ካታሊስት ያላት አሮጌ የቤንዚን መኪና ታገኘዋለች። ናፍጣ ግን ዩሮ 4 ወይም ማጣሪያ የተገጠመለት ዩሮ 3 መሆን አለበት። ማለትም ቤንዚን ሳለች መሃል ከተማ የምትገባው መኪና ሞተሯ ሲቀየር ውጭ ትቀራለች። እኔ እላችኋለሁ፣ ያለ ክልከላ መከልከል ማለት ይህ ነው። ለአዲስ አበባም አይከፋም።

ቨርጂኒያ
እኛ ጋ አሜሪካ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣ ከቤንዚን ይወደዳል። ሞተር ስትቀይር የምታስገባው የመኪናዋ ዘመን ወይም ከዚያ አዲስ ይሁን፣ የጭስ ማጥሪያ ዕቃውም አብሮ ይግባ ነው የሚሉት። በፈረንጆቹ 2015 ፎልክስቫገን በጭስ ምርመራ ሲያጭበረብር ከተያዘ ወዲህ ደግሞ ሰዉ ለናፍጣ የቤት መኪና ያለው ፊት ጠቁሯል።

ቤንዚን በደሜ
ሒሳቡንም እናድርገው። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ በወጣው የዋጋ ማስተካከያ ቤንዚን 101 ብር፣ ናፍጣ 99 ብር አካባቢ ገባ። የድሮው ልዩነት የለም። የሚተርፍህ በኪሎ ሜትር አነስተኛ ነዳጅ ስለምትጠጣ ብቻ ነው። ቤንዚኗ ለ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር፣ ናፍጣዋ 8 ሊትር ብትጠጣ በዚያ ዋጋ 300 ብር ያህል ይተርፍሃል። ሞተሩ፣ ብየዳው፣ ራዲያተሩ፣ ፍሪሲዮኑ ስንት ፈጀ? ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ነድተህ ነው የምትመልሰው?

ባለ ሴሊካው
ኦቨርሆሉንም እኮ መክፈሌ አይቀርም ነበር። ከዜሮ አትጀምርብኝ።

ደላላው
የማንንም ሞራል መንካት አልፈልግም። እኔ የማየው ሊብሬውን ነው። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የነዳጁ ዓይነት አለ። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ኮፈን ከፍቼ ቁጥር ማመሳከር ነው። ካልገጠመ ያቺ መኪና ለእኔ የለችም። ሞተሩ የተሰረቀ ቢሆንስ? አደጋ ቢደርስስ? ሦስተኛ ወገን ገብቻለሁ ትላለህ፤ ኢንሹራንሱ የሚያውቃት መኪና ግን ሌላ ናት። ብዙ የተቀየረ መኪና ሻጭ እኔ ጋ ሲመጣ ታሪኩን ይነግረኛል እንጂ የሞተሩን ግዢ ደረሰኝ አያሳየኝም። ባለ ሴሊካው፣ አስቀይረሃል?

ባለ ሴሊካው
ደረሰኙ አለኝ። ሊብሬው ላይ ግን ገና ነው። ሂድ ተመለስ በዝቶ ነው።

ደላላው
እንግዲያው አሁን የምትነዳው በወረቀት የሌለችውን መኪና ነው።

እግረኛ
ይኸው። በወረቀት የማትታወቅ ከሆነ ጭሷንስ ማን ይለካዋል?

ጋሽ ቶርኖ
ልጄ፣ ይህንስ ቶሎ ጨርሰው። ደረሰኙን ያዝና ሂድ። እግረ መንገድህን ወደ እኔ ብቅ በል፤ የዙር ቆጣሪውን ሽቦ እስባለሁ። ፖምፓዋንም አያታለሁ። ክፈትልኝ እንዳትለኝ ብቻ።

ቤንዚን በደሜ
እሺ፣ ሊብሬዋ ተስተካክሎ፣ ጭሷ ተለክቶ ካለፈች ትከልከል አልልም። ግን ከኋላዋ ያለውን "ጂቲ" የሚል የስፖርት መኪና ጽሑፍ ንቀልልን።

ባለ ሴሊካው
እሱንስ አልነቅልም። ከፋብሪካ ይዛው ነው የመጣችው።