የምጣዱ መስመር ላይ 0.43 ኦም ከየት መጣ?

ሰላም ወገኖች፣ ደሴ ነኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስሌት አልገጥም ብሎኛል። ሬዚስታንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ሳይግል 13.2 ኦም ነው፤ በ220 ቮልት 16.7 አምፔር፣ ወደ 3.67 ኪሎ ዋት መሳብ ነበረበት። በርቶ ሲለካ ግን 15.2 አምፔር፣ ሶኬቱ ላይ 205 ቮልት፤ ማለትም 3,116 ዋት። 205 ለ15.2 ሲካፈል 13.5 ኦም ስለሚሰጥ ምጣዱ ጤነኛ ነው፤ ሽቦ ሲግል ትንሽ መጨመሩ ያለ ነው።

ነገሩ መስመሩ ላይ ነው። በዚያው ሰዓት ብሬከሩ መውጫ ላይ 218 ቮልት አለ። በመሃል 13 ቮልት ይጠፋል፤ 0.855 ኦም ማለት ነው። ገመዱ 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ) መዳብ፣ 30 ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 60 ሜትር ሲታሰብ 0.42 ኦም ብቻ ይወጣል። የቀረው 0.43 ኦም 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ አንድ የላላ መጋጠሚያ ላይ ከሆነ የእሳት ምክንያት ነው። ጎረቤት «አብሽር፣ እየጋገረ አይደል?» ይለኛል።

መልቲሜትሬ ከ1 ኦም በታች አያስተማምንም። ምጣዱ በርቶ በየመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ቮልት ብለካ ጥፋተኛው ይለያል? ወይስ ገመዱ በስም 2.5፣ በውስጡ 1.5 ይሆን? 1.5 ከሆነ 0.7 ኦም፣ ሲግል ደግሞ 0.84 አካባቢ ይመጣል፤ ይሄ ነው ያጠራጠረኝ። ግድግዳውን ሳልፈነቅል እንዴት ልለይ?