ክርክር፦ ከጣና ገባሮች የሚጠለፈው የመስኖ ውሃ ጣሪያ ይበጅለት?

የመነሻ ሐሳብ፦ ስምጥ ሸለቆ ያለው ጨዋማው አቢጃታ ሐይቅ ከላዩ በተበራከተው መስኖ እየሸሸ ነው። ጣናም ከዚያ ይማር?

ዘጌ ማዶ፦ ይበጅለት እንጂ! አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የሚደርሰው ውሃ በዋናነት ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ዝዋይ ዙሪያና ቡልቡላ ዳር ፓምፕ ሲበዛ ወንዙ ሳሳ። ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨውን ትታው ነው፤ ውሃው በግማሽ ሲጎድል የጨዉ ክምችት እጥፍ ይሆናል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለቀ። አጠገቡ ባለው ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈለ አቢጃታ ወርዶ ዓሣ ይለቅም የነበረው ፔሊካንም የሚበላው አጣ። ፍላሚንጎ ግን የሚኖረው ዓሣ ሳይሆን ሶዳ ውሃ ውስጥ የሚራባውን ደቃቅ አልጌ ስለሚመገብ ነው።

ፎገሬው፦ አቢጃታን ያደረቀው የሶዳ አሹ ፋብሪካ አይደለም እንዴ? መስኖውን ለምን ትከሱታላችሁ?

ዘጌ ማዶ፦ ፋብሪካው የሐይቁን ውሃ ስቦ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ያተነዋል፣ የረጋውን ሶዳ ይሰበስባል። ፓምፑ የሚስበው ውሃውን ከነጨዉ ስለሆነ በራሱ አያጨመውም፤ ከፍታውን ግን ያወርዳል። ቡልቡላ እንደ ድሮው ቢሞላ ይተካው ነበር።

ፎገሬው፦ እሺ ይሁን። ጣና ግን መውጫ አለው፣ ዓባይ ጨዉን ጠርጎ ያወጣዋል። መቼም ሶዳ አይሆንም።

ዘጌ ማዶ፦ ሶዳ ይሆናል ያለህ የለም፣ ወንድሜ። ጥልቀቱን እይ፤ ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ አቢጃታም በደህናው ዘመን እንደዚያው ነበር። ፎገራና ደምቢያ በኩል ዳሩ ሜዳ ነው፤ ውሃው ትንሽ ሲወርድ ሰፊ መሬት ይወጣል፣ ባህር ሸሽ እርሻ ይከተላል፣ ደንገሉ ይመነጠራል። ከዚያ ገባሮቹ ርብና ጉማራ ክረምት ላይ የሚያመጡትን ደለል ምን ያስቀረዋል?

የውሃ ልክ፦ ሁለታችሁም ሒሳቡን ዘላችሁት። የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሜትር ማለት 3 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። የቆጋ መስኖ ግድብ የተነደፈው ለ7,000 ሄክታር ነው። ለሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኪዩብ ብንሰጠው 70 ሚሊዮን ይሆናል፤ በጣና ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በ2010 (እንደ አውሮፓ) ሥራ የጀመረው፣ ከጣና ውሃ ወስዶ መብራት የሚያመነጨው በለስ ግን የታቀደለት አማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኪዩብ ነው፤ በዓመት 2.4 ቢሊዮን፣ 80 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህ ውሃ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ በር ይወርድ የነበረ ስለሆነ ሁሉም አዲስ ጉድለት ነው አልልም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለምን እንደሳሳ ግን ገባችሁ? ከፍታውን የሚወስኑት በሩና ተርባይኑ ናቸው፣ የቆጋን ውሃ የሚጠቀመው የሜጫ ገበሬ አይደለም።

ቆሮሶ፦ ሒሳቡ ለሐይቁ ልክ ነው፣ ለወንዙ አይሠራም። ገበሬው ፓምፕ የሚተክለው ክረምት ላይ አይደለም፤ ከጥር እስከ ግንቦት፣ ጉማራ ራሱ በቀጠነበት ሰዓት ነው። ሐይቁ ላይ የማይታይ ጉድለት ወንዙን ሊቆርጠው ይችላል። ነጩ ዓሣ ክረምት ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን ጠጠር ላይ ይጥላል፤ በጋ ላይ ወንዙ ውስጥ የቀረ ጫጩት ኩሬው ሲደርቅ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ጣሪያው በየወንዙና በየወሩ ይሁን። ዓመታዊ ድምር ለዚህ አይረባም።

ፎገሬው፦ በየወሩ ማን ይለካል? ፓምፑ እኮ የግል ነው፣ ቆጣሪ የለው።

ቆሮሶ፦ ፓምፑን መለካት አያስፈልግም። ከመጨረሻው ጠለፋ በታች፣ ድልድይ ሥር የከፍታ መለኪያ ዘንግ ይተከል። ውሃው ከተቀባው መስመር ሲወርድ ሁሉም በተራ ያጥፋ። ዘንጉ ደለል በሚቆለልበት ቦታ ከተተከለ ግን ውሃ ሳይኖር ያለ ያስመስላል፤ በየክረምቱ ማግስት እንደገና ይስተካከል።

የውሃ ልክ፦ ለወንዙ እስማማለሁ። ለሐይቁም ያው መስመር ይቀመጥ፣ መጀመሪያ የሚቀንሰው ግን በለስ ይሁን።

ፎገሬው፦ በለስ 460 ሜጋ ዋት ነው። ግንቦት ላይ ቀንስ ስትለው መብራቱን ከየት ልታመጣ ነው?

የውሃ ልክ፦ ከሕዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ከቀነሰ ግንቦት ላይ መዝጋት አይመጣም።

ዘጌ ማዶ፦ በሩም መስመሩም ይሁን። እኔ ከጣሪያው አልወርድም።