ማስተርስ ገብቼ ክፍያው አስጨነቀኝ፤ ባህር ዳር ያላችሁ ምከሩኝ

የአባይ ማዶዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጋትን፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለቴ ነው፣ አልፌ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የውሃ ምህንድስና ማስተርስ ተቀብለውኛል። ግን በግል ከፋይ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ። የምሠራው አንድ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ነው። የመንግሥት ደመወዝ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ እሱም ላይ የቤት ኪራይ አለ፣ እናቴ አለች፣ ታናሽ ወንድሜ ገና ተማሪ ነው። ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ስለሆነ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ራሴን አመመኝ። መሥሪያ ቤቴን ስፖንሰር ሁኑኝ ብላቸው «በጀት የለም፣ ደግሞም ተራ አለ» አሉኝ። ተራው የማን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም። ጓደኞቼ ሥራሽን ልቀቂና የውጭ ስኮላርሺፕ ሞክሪ ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እዚሁ የማላውቀው መንገድ ይኖር ይሆን?

ሽምብጥ ሰፈር፦
እቁብ ግቢ። የመጀመሪያውን ዕጣ እንዲሰጡሽ ዳኛውን ለምኚ። እኔ እንደዛ ነው የተማርኩት። ስኮላርሺፕ ስትጠብቂ ፀጉርሽ ይሸብታል።

የዘንዘልማው፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ሥራሽን እንዳትለቂ። እኔ ማስተርሴን እዚሁ ጨርሼ አሁን ተማሪ አማክራለሁ፤ ስለዚህ የማየውን ልንገርሽ።

ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለ ክፍያው ነው። ኮርሱን እንደምንም ይጨርሱታል። ብዙዎቹ ቆመው የሚቀሩት የመመረቂያ ጥናቱ ላይ ነው። ጣና ላይ የውሃ ናሙና እወስዳለሁ ብለሽ አስቢ። ጀልባ ትከራያለሽ፣ ነዳጅ አለ፣ ጀልባ ነጂው አበል ይፈልጋል። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ሆኖ በሰዓቱ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፤ ላብራቶሪው ደግሞ ናይትሬቱን ለብቻ፣ ፎስፌቱን ለብቻ ያስከፍልሻል። ይህ አንድ ዙር ነው። ክረምትና በጋን ላወዳድር ካልሽ ደግመሽ ትወጫለሽ። የመንገዱን ነገር እንኳ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ይህን ወጪ የሚሸፍኑት ብዙ ጊዜ የመምህራን ፕሮጀክቶች ናቸው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንቱ ተጠንቷል! ከጉማራና ከርብ ወንዞች የሚመጣው ደለል አለ፣ የቆጋ መስኖ አለ። ፕሮጀክት ያለው መምህር መረጃ የሚሰበስብለት ተማሪ ይፈልጋል። የመስክ ወጪውን ይችላል፣ አንዳንዱ የወር ኪስ ገንዘብም ይጨምራል። ግን «ስኮላርሺፕ» ተብሎ አይታወጅም። አንዲት ወረቀት ትምህርት ክፍሉ በር ላይ ትለጠፋለች፣ ወይ በቴሌግራም ትዞራለች፣ በሳምንቱ ሰው ይዟታል። ስለዚህ ገና ኮርስ ሳትጀምሪ መምህራኑን አንኳኪ።

ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ። እናንተ ጋ ቁም ሳጥን ውስጥ የተደረደሩ የጉድጓድ መዝገቦች አሉ አይደል? የትኛው ፓምፕ መቼ ተበላሸ፣ ውሃው ስንት ሜትር ላይ ተገኘ፣ መቼ ቆመ። ተመራማሪ ለዚህ መረጃ ይሞታል። አንድ ገጽ ጻፊና «ይህ መረጃ አለን፣ ይህን ጥያቄ ልመልስበት እችላለሁ» በያቸው።

ለመሥሪያ ቤትሽም በቃል አትጠይቂ፤ ማመልከቻ አስገቢ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቂ። ገንዘብ ባይሰጡሽ እንኳ መዝገቡን የመጠቀም ፈቃድና ለመስክ መኪና ሊሰጡሽ ይችላሉ። ቢስማሙ ደግሞ ውሉን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ከተማርሽ በኋላ ስንት ዓመት ታገለግያለሽ፣ ብትለቂስ ስንት ትመልሻለሽ፣ እሱን እዪ።

ከትለምሰን የተመለሰ፦
የዘንዘልማው ልክ ነው፣ ግን ውጭውንም አትተዪው። ለማመልከት ሥራ መልቀቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ለአንቺ ሙያ ቅርቡ የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ነው ያቋቋመው፤ የውሃና ኢነርጂ ተቋሙ አልጄሪያ ትለምሰን ውስጥ ነው። የዕድሜ ጣሪያ አለው፣ ለሴት ትንሽ ይሰፋል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ ማመልከቻው በብዛት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ደግሞ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል መታጨት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ጀምሪ፦ ኮስት ሼሪንግ፣ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ስትማሪ የገባሽው የወጪ መጋራት ዕዳ። እሱን ሳትጨርሺ ኦሪጅናል ዲግሪሽን አታገኚም፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ስትጠይቂም ሬጅስትራር መስኮቱ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። ከደመወዝሽ እየተቆረጠ ከሆነ ደብዳቤ አጽፊ።

የአባይ ማዶዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጉድጓድ መዝገቡን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር፤ አቧራውን የማራግፈው እኔው ነኝ እኮ! ኮስት ሼሪንጉ በየወሩ ይቆረጣል፣ ደብዳቤውን ሰኞ ከማመልከቻው ጋር እጠይቃለሁ። የዘንዘልማው፣ አንድ ገጿን ስጽፍ ታይልኛለህ? ሽምብጥ፣ እቁቡ የስንት ነው?

የዘንዘልማው፦
ላኪው፣ አየዋለሁ። በአማርኛም ቢሆን ችግር የለም፣ ዋናው ጥያቄው ነው።

ሽምብጥ ሰፈር፦
የወር እቁብ ነው። ዋስ ይዘሽ ነይ።