ፖላክ የማጥመጃዬን ክር እየበጠሰ ሄደ፤ ነገ ንጋት እንወጣለን፣ እርዱኝ!

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቸኩያለሁ። እንግሊዝ ቻናል (በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው ባህር) ላይ፣ ከሰመጠ መርከብ በላይ ፖላክ የሚባለውን ዓሣ ስናጠምድ ውለን አሁን ገባን። አንደኛ፣ ማታለያው የጎማ ዓሣ ሲወርድ ከዋናው ክር ጋር ይጠላለፍብኛል። ሁለተኛ፣ ዓሣ ሲይዝልኝ ወደ ታች ይምዘገዘግና ክሩ ጧ ይላል። አጠገቤ ያሉት እኮ እያወጡ ነበር! ወፍራም ክር ልግዛ? ሱቁ ሊዘጋ ነው።

ነፋሻው፦ ጥልቀቱ ስንት ነው? ክሩስ? መንጠቆው ያለበት የጫፉ ክር ርዝመትስ? ይህን ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስ?

እርሳስ በኪሴ፦ ወንድሜ፣ መርከቡን ራሱን ይዘህ እንዳይሆን 😂 እሱን የሚያወጣው የወደብ ክሬን ነው። ለማንኛውም የተበጠሰውን ጫፍ በጣትህ ዳብሰው። ከሻከረ ብረት ፈትጎታል። ተጠቅልሎ ከመጣ ደግሞ ቋጠሮህ ነው የተፈታው።

አንጋፋው፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ዓሣውን እወቀው። ፖላክ እባብ እንደሚመስለው ዓሣ እንደ ኮንገር የመርከቡ ሆድ ውስጥ ተደብቆ አይውልም። ከስብርባሪው በላይ ተንሳፎ ትናንሽ ዓሦችን ይጠብቃል። መንጠቆ ሲይዘው ግን መሸሸጊያው ወደ ታች ነው፣ በሙሉ ጉልበቱ ወደዚያ ይወርዳል። ስለዚህ እርሳሱ (ክሩን የሚያወርደው ክብደት) መሬት በነካበት ቅጽበት ክሩን ቶሎ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልል፣ አለዚያ ብረት ይይዝሃል። ከዚያ በአንድ ፍጥነት፣ በዝግታ፣ ሳትቆም ጠቅልል። ዙሩን ቁጠር። አንዱ ሰው በ15ኛው ዙር ከያዘ ዓሦቹ እዚያ ከፍታ ላይ ናቸው፣ ሁላችሁም እዚያ ላይ ትኩረት አድርጉ። የጎማውን ጭራ ሲነካካ እንዳትደነግጥ። ዘንጉን ወደ ላይ አትመንጭቅ፣ እጅህም አይቁም፣ ዝም ብለህ ጠቅልል። ራሱ ዞሮ ወደ ታች ሲሄድ መንጠቆው ይገባል። የተነከሰ መስሎህ መንጭቀህ ከሆነ ያመለጡህ ለዚህ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት መንጭቄያለሁ። ጥልቀቱ 60 ሜትር ገደማ ነው። ዋናው ክር ብሬይድ (የተጎነጎነ) ሆኖ ጥንካሬው 30 ፓውንድ፣ የጫፉ ፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ በደንብ የማይታይ የፕላስቲክ ክር) 20 ፓውንድ፣ ርዝመቱ 4 ሜትር። ጫፉን ዳበስኩት፣ አልሻከረም።

ሰማያዊ፦ እንግዲያው ብረት አይደለም፣ ድራጉ (ክሩ በሚጠቀለልበት ሪል ላይ ያለው፣ ዓሣ ሲጎትት ክር የሚለቀው ፍሬን) ነው! የሪልህን ድራግ ጥብቅ አድርገህ ይዘሃል። ብሬይድ አይለጠጥም፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጉተታ የሚያበርደው ዘንጉና ድራጉ ብቻ ነው። በ20 ፓውንድ ክር ድራጉ 5 ወይም 6 ፓውንድ ላይ መልቀቅ ይጀምር። ቤትህ በሚዛን ለካው። ዓሣው እየሮጠ ሳለ ድራጉን አትንካው። ወፍራም ክር አትግዛ። የውሃው ጉልበት ወፍራሙን ክር ይገፋዋል፣ የበለጠ ከባድ እርሳስ ትፈልጋለህ፣ የጎማ ዓሣውም እንደልቡ አይዋኝም።

ነፋሻው፦ በዚህ አልስማማም። ከስብርባሪው አጠገብ ድራጉን ብታላላ ዓሣው ብረቱ ውስጥ ይገባል። እኔ 25 ፓውንድ አስሬ ጠበቅ አደርጋለሁ።

ሰማያዊ፦ ላላ አላልኩም፣ የተለካ ነው ያልኩት። እየተጎተተ በግድ የሚለቅ መሆን አለበት።

ቆይታ፦ መጠላለፉን ማንም አልመለሰለትም። ዋናው ክር በውስጡ የሚያልፍበት፣ እርሳሱ የሚንጠለጠልበት ረጅም ቡም (ቀጭን ቱቦ) አለህ? 25 ሴንቲሜትር ገደማ ያለው? ከሌለህ አሁኑኑ ሱቅ ሂድ፣ ክሩን ተወው። ስታወርድ መጀመሪያ የጎማ ዓሣውን ውሃ ላይ ጣለው፣ የውሃው ፍሰት 4 ሜትሩን ይዘርጋልህ። ከዚያ እርሳሱን ልቀቅ፣ ግን አውራ ጣትህ ስፑሉ (የሪሉ ክር መጠቅለያ) ላይ ሆኖ በዝግታ። እርሳሱ በነፃ ከወረደ የጫፉ ክር ወደ ላይ ተመልሶ ዋናው ላይ ይጠመጠማል።

ማር ወለላ፦ በዝግታ አውርደው ወንድሜ፣ በዝግታ። አውራ ጣት ስፑሉ ላይ!

ቆይታ፦ እህቴ፣ እሱን እኮ ነው ያልኩት 😀

ጥልቅ ውሃ፦ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ያሳስበኛል። ፖላክ በዚያ ባህር ክፉኛ ተመናምኗል። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. ለ2024 በእንግሊዝ ቻናልና አጠገቡ ባለው የኬልቲክ ባህር ምንም ፖላክ እንዳይጠመድ መከሩ፣ የንግድ ጀልባዎችም ፖላክን ለይተው እንዳያጠምዱ ኮታቸው ተዘጋ። ስለ ክር ከማውራታችን በፊት ስንት እንደምንይዝ እናውራ።

ነፋሻው፦ ትንንሾቹን መልሶ ይለቃቸዋላ።

ጥልቅ ውሃ፦ ከ60 ሜትር? እዚያ ግፊቱ ከላይኛው ውሃ 7 እጥፍ ነው። ሲወጣ የአየር ከረጢቱ ይነፋል፣ ፖላክ ደግሞ ቶሎ ማስተንፈስ አይችልም። ብትለቀው እንኳ ተንሳፎ ይቀራል፣ የባህር ወፍ ይለቅመዋል። እዚያ ጥልቀት ላይ ለመልቀቅ ብሎ ማጥመድ የለም። የምትበሉትን ሁለት ሦስት ያዙና ሌላ ዓሣ ፈልጉ። የዘንድሮውንም ገደብ ከመውጣታችሁ በፊት እዩ።

አንጋፋው፦ ይህ ልጅ እውነቱን ነው። በተለይ ከጥር እስከ ሚያዝያ እንቁላል ለመጣል ስብርባሪው ላይ ይከማቻሉ። ያኔ ማጥመድ ቀላል ነው፣ ጉዳቱም የከፋው ያኔ ነው። እኔ በእነዚያ ወራት መውጣት ትቻለሁ።

ጠያቂ፦ ቡም ገዛሁ! ድራጉንም በሚዛን አስተካከልኩ። ለቤት የሚበቃንን ይዘን እናቆማለን፣ ለካፒቴኑም እነግረዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የጎማው ቀለም ጥቁር ይሁን ቀይ?

እርሳስ በኪሴ፦ ጥቁር።

ማር ወለላ፦ ቀይ! ደመና ካለ ደግሞ ብርቱካናማ።

ሰማያዊ፦ ሁለቱንም ያዝ። አጠገብህ ያለው ሰው ሲያወጣ የሱን አይተህ ቀይር። ግን ከቀለሙ በፊት ፍጥነቱን አስተካክል።

ቆይታ፦ @ጠያቂ እንዴት ሆነላችሁ? ቡሙ ሠራ?